ስድስት ሺሊንግና አንድ ነጥብ

ቅዳሜ ረፋድ ነው። እንግሊዝ አገር፣ ብራድፎርድ ከተማ፣ ማኒንግሃም በሚባል ሰፈር አንድ የሱፍ ፋብሪካ ሠራተኛ ዐይኑን ከግድግዳው ሰዓት ላይ መንቀል አቅቶታል። ሥራው ሱፍ መለየት ነው። ከበጉ ጸጉር ጋር የሚመጣው ቅባት ቀን በቀን ወደ ቆዳው ስለሚሰርግ የዚህ ጠንካራ ጎልማሳ መዳፍ እንደ ሕፃን ጉንጭ የለሰለሰ ነው። ከሰዓት በኋላ ይኸው እጅ ዝናብ የጠጣ የቆዳ ኳስ ይይዛል፤ የተጋጣሚን ወገብ አንቆ መሬት ያወርዳል። ጨዋታው ተራራ ተሻግሮ ላንክሻየር ውስጥ ነው። ባቡሩ ደግሞ የፋብሪካው ፊሽካ እስኪነፋ አይጠብቅም።

ሰውየው ሁለት ምርጫ አለው። ወይ አለቃውን አስፈቅዶ ይወጣና የቀረበት ሰዓት ከደመወዙ ይቆረጣል፤ ያ ገንዘብ ደግሞ የቤት ኪራይ ነው፣ ዳቦ ነው፣ የብርድ ጊዜ ከሰል ነው። ወይ ጫማውን ሰቅሎ ቡድኑን ይሰናበታል።

ይህ ሠራተኛ ስም የለውም፤ ከዘመኑ ኑሮ የተቀዳ ምስል ነው። ያስጨነቀው ጥያቄ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ እውነተኛ ሰዎች ጥያቄ ነበር። ለከተማው ክብር ሲል ከሥራ የቀረ ሰው የጎደለበትን ማን ይተካለት? ዛሬ ራግቢ ሊግ የምንለው ስፖርት ከዚህ ጥያቄ ተወለደ። የመጀመሪያውን የውድድር ዓመት ዋንጫ የወሰደውም የዚሁ የማኒንግሃም ሰፈር ክለብ ነው። ታሪኩን ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው፤ መረሳት ግን አይገባውም። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሱፍ ከተማ፣ የቅዳሜ ጨዋታ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብራድፎርድ ሱፍ ነበረች። በግ ሸላቹ ሩቅ አገር ቢሆንም አበጣሪው፣ ፈታዩ፣ ሸማኔው፣ ቀላሚውና ነጋዴው እዚያ ነበር። በማኒንግሃም ኮረብታ ላይ የሳሙኤል ሊስተር ግዙፍ የሐርና የቬልቬት ፋብሪካ ቆሟል። የጭስ ማውጫው ቁመት ወደ 76 ሜትር ይጠጋል፤ ከከተማው ከየትኛውም አቅጣጫ ይታያል።

ከዚህ ፋብሪካ ደጃፍ ነው በዲሴምበር 1890 ታላቁ የሥራ ማቆም አድማ የተነሣው። አሜሪካ በውጭ ዕቃ ላይ ከፍተኛ ቀረጥ በመጣሏ ገበያው ሲጠብበት አሠሪው የሠራተኛውን ደመወዝ ቀነሰ። ወደ 5,000 የሚጠጋ ሠራተኛ፣ አብዛኛውም ሴቶችና ልጃገረዶች፣ ሥራ አቁሞ ወጣ። ክረምቱን ሙሉ በርዶት፣ ተርቦ ታገለ። በኤፕሪል 1891 ወታደር ወደ ከተማው ገባ፤ አድማውም ተሸንፎ አበቃ። የሽንፈቱ ቁጭት ግን መሬት ላይ ወድቆ አልቀረም። በጃንዋሪ 1893 ነፃ የሠራተኛ ፓርቲ የተመሠረተው እዚያው ብራድፎርድ ውስጥ ነው።

ይህን የምጽፈው የክለቡ ተጫዋቾች በሙሉ የዚያ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ ለማለት አይደለም። ራግቢን ለሁለት የከፈለው ክርክር በምን አየር ውስጥ እንደተነሣ እንዲታይ ነው። ሰዓትና ደመወዝ በዚያ ሰፈር የየዕለቱ ወሬ፣ የየቤቱ ቁስል ነበሩ።

ጨዋታው ራሱ ከባለጸጎች ትምህርት ቤት የወጣ ነው። ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው። ተጫዋቹ በእጁ ይዞት ይሮጣል፤ ለጓደኛው የሚያቀብለው ግን ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት አይደለም። ከተጋጣሚው የግብ መስመር አልፎ ኳሱን መሬት ካስነካ ትራይ አስቆጠረ ይባላል። የእንግሊዝ የራግቢ ፉትቦል ዩኒየን በ1871 ሲመሠረት መሪዎቹ የተማሩና ኑሯቸው የተደላደለ ሰዎች ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ጨዋታው ወደ ሰሜን ወጥቶ ከሠራተኛው ጋር ተዋደደ። በ1850 የወጣው የፋብሪካ ሕግ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ሥራ እንዲያቆሙ አዞ ነበር። የሠራተኛው የዕረፍት ጊዜ ያቺ ግማሽ ቀን ናት። ዮርክሻየርና ላንክሻየር ያቺን ግማሽ ቀን በራግቢ ሞሏት።

ማኒንግሃም ክለብ በ1880 ተቋቋመ። በ1886 የመጀመሪያ ሜዳው ለትምህርት ቤት ግንባታ ሲፈለግ ወደ ኮረብታው ዳገት ተዛውሮ ቫሊ ፓሬድ በሚባለው ቦታ አዲስ ሜዳ ሠራ። መለያው ወይን ጠጅና ወርቃማ ቢጫ ነበር። እነዚህን ሁለት ቀለሞች አንባቢ ልብ ይበላቸው፤ መጨረሻ ላይ እንመለስባቸዋለን።

282 ለ 136

በ1886 ዩኒየኑ ማንኛውንም ክፍያ ከለከለ። ተጫዋች በጨዋታ ሳንቲም ካገኘ ንጹሕ ስፖርተኛ አይደለም ተባለ። ደንቡ ሲነበብ ለሁሉም እኩል ይመስላል። ጠበቃና የባንክ ባለቤት ግን ቅዳሜ ከሥራ ቢቀር ምንም አይጎድልበትም። ከሰል ቆፋሪ ቢቀር ግን ልጆቹ ይቸገራሉ። ተጎድቶ ሰኞ ሥራ ካልገባ ደግሞ ችግሩ እጥፍ ነው።

የሰሜን ክለቦች ለተጫዋቾቻቸው ደመወዝ እንክፈል አላሉም። ጥያቄያቸው ልከኛ ነበር፤ ለጨዋታ ሲል ከሥራ የቀረ ሰው የተቆረጠበት ደመወዝ ይተካለት፣ ሌላ ምንም አይጨመርለት። ይህን ሐሳብ የዮርክሻየር ተወካዮች ሴፕቴምበር 20 ቀን 1893 ለንደን ላይ በተጠራው ጠቅላላ ስብሰባ አቀረቡ። የሰሜን ሰዎች ለድምፅ ብለው ረጅሙን መንገድ በባቡር መጡ። ሌላው ወገን ደግሞ በርካታ የውክልና ድምፅ ሰብስቦ ጠበቃቸው። ውጤቱ 282 ለ 136 ሆነ። ሐሳቡ ወደቀ።

የተቃዋሚዎቹን ሥጋት እንዲሁ ማጣጣል አይገባም። ለጎደለ ደመወዝ ካሳ ከተፈቀደ ነገ ሙሉ ደመወዝ ይመጣል፣ ገንዘብ ያለው ክለብ ሁሉን ያሸንፋል ብለው ፈሩ። እግር ኳስ በ1885 ክፍያን ፈቅዶ በሦስት ዓመት ውስጥ የሰሜንና የመሐል አገር ክለቦች ሊግ ሲያቋቁሙ ዐይተዋል። ከሥጋቱ ጀርባ ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ለመጫወት ጊዜ የሌለው ሰው ባይጫወትስ የሚል ስሜት። ለብራድፎርድ ሠራተኛ ይህ አነጋገር አዲስ አልነበረም። ከፋብሪካው ጽሕፈት ቤትም የሚሰማው ይህንኑ ነበር።

ኦገስት 29 ቀን 1895፣ ሐሙስ ማታ፣ ከሃያ በላይ የሰሜን ክለቦች ሃደርስፊልድ ከተማ ጆርጅ ሆቴል ተሰበሰቡ። ከዩኒየኑ ወጥተው የራሳቸውን ኖርዘርን ዩኒየን መሠረቱ። የካሳውን ጣሪያም ወሰኑ፤ በቀን ከስድስት ሺሊንግ አይበልጥም አሉ።

ስድስት ሺሊንግ ስንት ነው? አንድ ፓውንድ ሃያ ሺሊንግ ነበር። ለብዙ የቀን ሠራተኛ ስድስት ሺሊንግ ከአንድ ቀን ገቢው ይበልጣል፤ ሀብት ግን አይሆንም። በዚያ ጊዜ አንድ ቡድን 15 ተጫዋች ነበረው። ሁሉም ሙሉ ካሳ ቢያገኙ እንኳ የአንድ ቀን ጨዋታ የሚያስወጣው አራት ፓውንድ ከአሥር ሺሊንግ ነው። የእንግሊዝ ራግቢ ለሁለት ተከፍሎ መቶ ዓመት የተኳረፈው በዚህ ሒሳብ ነው። ዩኒየኑ ከአዲሱ ማኅበር ጋር የተጫወተውን ሁሉ አገደ፤ የራግቢ ዩኒየን በሮች ለተከፋዮች የተከፈቱት በ1995 ነው።

42 ጨዋታ፣ 34 ቅዳሜ

ከስብሰባው እስከ መጀመሪያው ጨዋታ የነበረው ጊዜ ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው። ሴፕቴምበር 7 ቀን 1895፣ ቅዳሜ፣ ሊጉ ተጀመረ። ክለቦቹ 22 ነበሩ፤ 11 ከዮርክሻየር፣ 11 ከላንክሻየርና ከቼሻየር። ሁሉም ከሁሉም ጋር በሜዳውና ከሜዳው ውጪ ይጫወታል፤ ለእያንዳንዱ ክለብ 42 ጨዋታ ማለት ነው።

የክለቦቹን ስም በተራ ማንበብ የሰሜን እንግሊዝን የሥራ ካርታ ማንበብ ነው። ሃሊፋክስና ሃደርስፊልድ ሱፍ ናቸው። ኦልድሃምና ሮችዴል ጥጥ ናቸው። ዊጋን፣ ሊና ቲልድስሊ ከሰል ይቆፍራሉ። ሴንት ሄለንስ ብርጭቆ ታቀልጣለች፣ ዋሪንግተን ሽቦ ትስባለች፣ ዊድነስና ራንኮርን ኬሚካል ያፈላሉ። ሃል የወደብና የዓሣ አጥማጅ ከተማ ናት። ከብራድፎርድ ብቻ ሁለት ክለቦች ነበሩ፤ ባለጸጋው ብራድፎርድ በፓርክ አቬኑ፣ ማኒንግሃም ደግሞ በቫሊ ፓሬድ። ሁለቱ አይዋደዱም።

አሁን የቀን መቁጠሪያውን አውጥተን እንቁጠር። ከሴፕቴምበር መጀመሪያ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ 34 ቅዳሜዎች አሉ። ጨዋታው ግን 42 ነው። ውርጭ መሬቱን አድርቆት ጨዋታ የሚሰረዝበትን ቀን ሳንቆጥር እንኳ ቢያንስ ስምንቱ በሌላ ቀን መደረግ አለባቸው። ከዮርክሻየር የሚነሣ ቡድን ደግሞ በዓመቱ 11 ጊዜ የፔናይን ተራሮችን ተሻግሮ ይጫወታል። ያ የስድስት ሺሊንግ ክርክር ተጨባጭ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። የግማሽ ቀኗ ቅዳሜ ከእንግዲህ አትበቃም፤ ሊጉ የሠራተኛውን የሥራ ሰዓት ይፈልጋል፣ ከፈለገም መክፈል አለበት።

ሜዳው ላይ የሚታየው የዛሬው ራግቢ ሊግ አልነበረም። ቡድኑ ወደ 13 ተጫዋች የወረደው በ1906 ነው። በመጀመሪያው ዓመት ጨዋታው ገና የአሮጌው ራግቢ ወንድም ነበር። አጥቂዎቹ ትከሻ ለትከሻ ተቆላልፈው፣ ጭንቅላታቸውን ደፍተው፣ ከተጋጣሚ አጥቂዎች ጋር ይገፋፋሉ። ይህ ስክረም ይባላል። ኳሱ በእግሮች ጫካ መካከል ይጠፋል፤ ከላይ የሚታየው የሚተን ላብ ብቻ ነው። በቀዝቃዛ ቀን ከስክረሙ የሚወጣው እንፋሎት ከፋብሪካው ማሞቂያ የሚወጣውን ያስታውሳል። ትራይ ሦስት ነጥብ ነው፤ ከትራይ በኋላ ኳሱ በእግር ተመትቶ በግቡ ላይኛ አግዳሚ በላይ ካለፈ ሁለት ይጨመራል። ነጥብ ብርቅ ነበር። ማኒንግሃም በ42 ጨዋታ ያስቆጠረው 367 ነጥብ ነው፤ ሲካፈል ለአንድ ጨዋታ ዘጠኝ አይሞላም። የተቆጠረበት ግን 158 ብቻ ነው፤ ለአንድ ጨዋታ አራት እንኳ አይደርስም።

እነዚህ ሁለት ቁጥሮች የቡድኑን ጠባይ ይናገራሉ። ማኒንግሃም የሚያስደንቅ እንጂ የሚያብረቀርቅ ቡድን አልነበረም። በሩን ዘግቶ ይጠብቃል፤ አንዲት ቀዳዳ ሲያገኝ ይገባል። ቀዳዳ ሲጠፋ ደግሞ ጆርጅ ሎሪመር አለ። ሎሪመር በዚያ የውድድር ዓመት 35 ጊዜ ኳሷን በግቡ በላይ አሳልፎ በ106 ነጥብ የሊጉ ከፍተኛ ነጥብ አስቆጣሪ ሆነ። ከትከሻ ግፊያው በኋላ፣ ሜዳው ጸጥ ሲል፣ ውሃ ጠጥታ የከበደች ኳስን ጭቃ ላይ አቁሞ በአንድ ምት መላክ የእግር ብቻ ሳይሆን የልብ ጉዳይ ነው።

የሸማኔ ሰፈር ቡድን ነበርና «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረታችንን ቢሰሙ ትርጉሙን የሚነግራቸው አያስፈልጋቸውም ነበር። ድር እንዴት እንደሚያብር ሳምንቱን ሙሉ በእጃቸው ይዳስሱታል።

አቻ የማያውቅ ቡድን

ኤፕሪል ሲያልቅ ሊጉ በሁለት ክለቦች መካከል ቀረ። አንዱ ሃሊፋክስ ነው፤ ከብራድፎርድ ተራራ አንድ ብቻ የሚለየው ጎረቤት። ሃሊፋክስ 30 ጨዋታ አሸንፎ፣ በአምስት አቻ ወጥቶ፣ በሰባት ተሸንፎ 65 ነጥብ ይዟል። ማኒንግሃም ደግሞ የመጨረሻ ጨዋታውን የሚያደርገው ሊድስ ውስጥ ካለው ከሃንስሌት ጋር ነው፣ ያውም በሃንስሌት ሜዳ።

ለማሸነፍ ሁለት ነጥብ፣ ለአቻ አንድ ነጥብ ይሰጣል። ማኒንግሃም ወደ ሃንስሌት የሄደው 64 ነጥብ ይዞ ነው። ከተሸነፈ ዋንጫው የሃሊፋክስ ነው። አቻ ከወጣ እኩል 65 ሆነው ይቀራሉ። ሻምፒዮን የሚያደርገው ድል ብቻ ነው።

ሃንስሌት ቀላል ሰፈር አልነበረም። የብረታ ብረትና የባቡር ሞተር ሥራ ሰፈር ነው፤ ሰዎቹም በሜዳቸው መሸነፍን እንደ ውርደት ይቆጥሩታል። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ግን አጭር ነው፤ ብራድፎርድና ሊድስ ጎረቤት ናቸው። በዚያ የውድድር ዓመት ተራሮቹን 11 ጊዜ የተሻገረ ቡድን የሁሉ ነገር መደምደሚያ ደጃፉ ላይ ጠበቀው።

ማኒንግሃም አሸነፈ። 33 ድል፣ 9 ሽንፈት፣ 66 ነጥብ። አቻ? አንድም የለም። ከ42 ጨዋታ አንዱንም በአቻ አልጨረሱም። ወይ ሙሉ ድል ወይ ሙሉ ሽንፈት። የመጀመሪያው የኖርዘርን ዩኒየን ሻምፒዮን በአንድ ነጥብ ልዩነት ተለየ።

ከሥራው ጎን ለሚጫወት ሰው የሚሰጠው ከፊል ፕሮፌሽናል የሚለው ቃል እዚህ ላይ ይጠብበኛል። ከፊል ሲባል ግማሽ ልብ፣ ግማሽ ጉልበት ይመስላል። የእነዚህ ሰዎች ዓመት ግን ግማሽ አልነበረም። አንድ ሙሉ የሠራተኛ ዓመት ነበር፤ በላዩ ላይ አንድ ሙሉ የተጫዋች ዓመት ተጭኖበታል። ሁለቱን የተሸከመው አንድ ጀርባ ነው። ስድስት ሺሊንጉ ጨዋታቸውን አልገዛውም፤ ያደረገው አንድ ነገር ቢኖር ጨዋታው እንዳያስርባቸው ብቻ ነው።

የሥራ ማስረጃ

ከድሉ በኋላ የሆነው ነገር ሠራተኛነትና ተጫዋችነት አብረው እንደኖሩ የበለጠ ያሳያል። የ42ቱ ጨዋታ ጉዞ ለክለቦቹ ከብዶ ስለነበር በሚቀጥለው ዓመት ሊጉ በሁለት ተከፍሎ ዮርክሻየርና ላንክሻየር ለየብቻ ተጫወቱ። በ1898 ኖርዘርን ዩኒየን ለተጫዋች በግልጽ መክፈልን ፈቀደ፤ አንድ ጥብቅ ግዴታ ግን አኖረ። የሚከፈለው ተጫዋች ሌላ እውነተኛ ሥራ ሊኖረው ይገባል። የመጠጥ ቤት አስተናጋጅነትና የቢሊያርድ ቤት ሥራ ዓይነቱ አይቆጠርለትም። በሳምንቱ ውስጥ ሥራውን ያለ በቂ ምክንያት ካጓደለ ቅዳሜ መጫወት አይችልም።

ዛሬ ሲታይ የተገላቢጦሽ ይመስላል። ሕጉ ሠራተኛ ያልሆነውን ከሜዳ ያግዳል። ግዴታው በ1905 ተነሣ፤ ልማዱ ግን አልተነሣም። የራግቢ ሊግ ተጫዋች ለረጅም ዘመን ከሰል ቆፋሪ፣ ሾፌር፣ ግንበኛ ሆኖ ኖረ። ሱፐር ሊግ በ1996 ከመጣ ወዲህ የላይኛው እርከን ተጫዋቾች የሙሉ ጊዜ ባለሙያዎች ሆነዋል። ከዚያ በታች ባሉት እርከኖች ግን ዛሬም ብዙዎቹ ቀን ሌላ ሥራ ሠርተው ማታ ልምምድ የሚገቡ ናቸው። ምሽት ላይ የሥራ ልብሱን ከመኪናው ኋላ ጥሎ፣ መብራት በበራበት ሜዳ ላይ ጫማውን የሚያስር ወጣት የማኒንግሃሙ ሱፍ ለዪ የልጅ ልጅ ነው፤ በደም ባይሆን በኑሮ።

75 ለ 34

ሻምፒዮኑ ክለብ ግን ለዚህ አልደረሰም። ዓመታቱ ሲያልፉ ጥንካሬው ቀነሰ፣ ካዝናው ባዶ ሆነ። በ1902–03 በሁለተኛው ዲቪዚዮን ይጫወት ነበር። ገንዘብ ለማግኘት ሜዳው ላይ የቀስት ውርወራ ውድድር አዘጋጅቶ ጥቂት አተረፈ፤ ገንዘቡ ግን ራግቢውን አላተረፈለትም። በሜይ 1903 አባላቱ ተሰብስበው ድምፅ ሰጡ። 75 ለ 34 በሆነ ውጤት ክለቡ ራግቢን ትቶ ወደ እግር ኳስ ዞረ፤ ስሙንም ቀይሮ ብራድፎርድ ሲቲ ተባለ። በስምንት ዓመት ውስጥ፣ በ1911፣ ኒውካስልን በድጋሚ ጨዋታ 1 ለ 0 አሸንፎ የኤፍ ኤ ካፕን አነሣ።

በ1893 ለንደን ላይ የተሰጠው ድምፅ የማኒንግሃምን ሰዎች ወደ ራሳቸው ሊግ ገፋቸው። በ1903 ቤታቸው የሰጡት ድምፅ ደግሞ ከዚያ ሊግ አስወጣቸው። በመካከል ያለው አሥር ዓመት ነው። ሠላሳ አራቱ ምን ብለው ተከራክረው እንደነበር ብናውቅ እወድ ነበር። ከመካከላቸው በሃንስሌት ሜዳ ዳር ቆሞ ያንን ድል ያየ ሰው አይጠፋም ብዬ አስባለሁ።

ቫሊ ፓሬድ ዛሬም እዚያው ዳገት ላይ ነው። በሜይ 1985 በተነሣው እሳት 56 ሰዎች የሞቱበት ሜዳ ስለሆነ የከተማው ሰው ስሙን የሚጠራው በዝግታ ነው። ከኮረብታው በላይ የሊስተር ጭስ ማውጫ አለ፤ ጭስ ግን የለውም። ቅዳሜ ሲደርስ ደጋፊው ሻርፑን ጠምጥሞ ዳገቱን ይወጣል። ሻርፑ ወይን ጠጅና ወርቃማ ቢጫ ነው። ቀለሙ ከራግቢው ዘመን የመጣ ነው፤ የእግር ኳሱ ክለብ ከማኒንግሃም ሳይለውጥ ተረከበው።

እነዚያ 33 ድሎች ከተመዘገቡ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። ሊጉ ስሙን፣ ደንቡን፣ የተጫዋቹን ቁጥር ቀይሯል። ማኒንግሃም የሚባል ክለብ የለም። ያ በአንድ ነጥብ ያሸነፈ ቡድን ቅዳሜ ማታ ከሃንስሌት ተመልሶ፣ እሑድ አርፎ፣ ሰኞ ጠዋት የፋብሪካው ፊሽካ ሲነፋ በየሥራው ገበታ ላይ ተገኝቷል። ሻርፑን የጠመጠመው ደጋፊ ይህን ባያውቅም በአንገቱ ላይ ያለው የእነሱ ቀለም ነው።